ከመጠጣታቸው በፊት የተነሳ ፎቶ

«ትምህርቱን ብታቋርጪም ማስታወቂያ ማንበብ እንዳታቋርጪ» አሉኝ ርዕሰ መምህራችን፣ ከሰባተኛ ክፍል ስወጣ። እሺ አልኳቸው። ግን አላነበብኩም፤ በከተማችንም የሚያነብ አልነበረም። ይሄ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

በአንድ ክረምት ከተማችን አዲስ የውሃ ጉድጓድ አስመረቀች። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ጋሻነህ እንደ ደንቡ ሪባን ቆረጡና ካሜራ ፊት አንድ ብርጭቆ ጠጡ። በዋዜማው ጎርፍ ገብቶበት እንደነበር የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ወዲያው ፌስቡክ ላይ ለጠፈ፦ «ለክቡራን ደንበኞቻችን፣ የጥራት መጓደል በመከሰቱ ውሃውን አፍልታችሁ እንድትጠቀሙ በአክብሮት እናሳስባለን።» ክቡራን ከተባልን ክፈሉ ሊሉን ነው ብለን ሁላችንም አለፍነው። ሦስት ሰው ወደደው፤ ሦስቱም የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ነበሩ።

ገጹን የሚጽፈው እንዳሻው የሚባል ወጣት ነው። በማግስቱ ስድስት ሕፃናት ጤና ጣቢያ መግባታቸውን ሲሰማ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ የምረቃውን ፎቶ አወጣ። ብርጭቆው የኃላፊው ከንፈር ጋ ሊደርስ ሲል የተነሳውን ነው። ከሥሩ ጻፈ፦ «ይህ ፎቶ ኃላፊያችን ከመጠጣታቸው በፊት የተነሳ ነው። ከጠጡ በኋላ ያለውን ለማንሳት ሮጠን ልንደርስባቸው አልቻልንም። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ።» እስከ ምሳ ሰዓት ከተማው በሙሉ ተቀባበለው።

አቶ ጋሻነህ ሆዳቸውን ታመው ቤታቸው ተኝተው ነበር። ጸሐፊያቸው ደወለች።

«ጋሼ፣ ላስጠፋው? ለልጁስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላዘጋጅለት?»

«ሰዉ እያፈላ ነው?»

«እያፈሉ ነው አሉ። እየሳቁ።»

«እንግዲያው ይቆይ። ሰባት ጊዜ ሮጡ ብላችሁ ጨምሩበት። ቁጥሩ እውነት ነው።»

ከዚያ ወዲህ ስማቸው «ሰባት ጊዜ» ሆኖ ቀረ። ልጃቸውን ለጋብቻ ለመጠየቅ የመጡት ሽማግሌዎች እንኳ ውሃ ሲቀርብላቸው ብርጭቆውን ገልመጥ አድርገው፣ «የፈላ ነው አይደል?» ብለዋል።

እትዬ ይርገዱ ደግሞ ወፍጮ ቤት አላቸው። ስልክ የሌላቸው እንዲሰሙ ብለው ሰልፍ ለያዝነው የፎቶውን ጽሑፍ ጮክ ብለው አነበቡልን። ልጄን እንዳዘልኩ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ስቄ ስጨርስ ልጁ ጠምቶት ነበርና ኩባያ ይዤ በራፉ ላይ ወዳለው ቧንቧ ሄድኩ።

«አንቺ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ለልጁ ትንሽ ውሃ፣ እትዬ።»

«ታዲያ አሁን በምን ነበር የሳቅሽው?»

ኩባያውን ወደ ኋላ ሳብኩ። እትዬ ይርገዱ ወፍጮውን አጠፉት። «ስሙኝ። ከዛሬ ጀምሮ አፍልታ፣ ለብ ያለውን በጠርሙስ ይዛ ያልመጣች እህሏ አይፈጭም።» ጠርሙሱን ሁሉ በመዳፋቸው እየዳሰሱ ማስገባት ጀመሩ። «ወፍጮ ቤት ነው ፖሊስ ጣቢያ?» ያለችም ነበረች። ግማሹ ደንበኛ እህሉን አሸክሞ ወደ ታችኛው ወፍጮ ሄደ፤ አንዳንዱም በዚያው ቀረ። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች።

ከዚያው ጉድጓድ የሚቀዳው፣ ግን ቀልዱ ያልደረሰው የጎረቤት ገጠር ቀበሌ ሳምንቱን ጤና ጣቢያ በር ላይ አሳለፈ። ከእኛ ዘንድ ከስድስቱ በኋላ አንድም ሕፃን አልገባም። ስድስቱም ድነዋል።

አሁን የከተማው ምክር ቤት ከተማውን ከበሽታ ላተረፈ ሰው አንድ ሽልማት አለኝ ብሏል፤ ሺህ ሊትር የሚይዝ ጥቁር ሮቶ። የታጩት እንዳሻው፣ እትዬ ይርገዱና አቶ ጋሻነህ ናቸው። የሦስቱም ቤት ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚመጣው፣ የአቶ ጋሻነህም ጭምር። ስለዚህ ሦስቱም በጣም ይፈልጉታል፤ ሮቶ ደግሞ ለሦስት አይቆረጥም።

ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ ክርክሩ አላለቀም። እንዳሻው ባይቀልድ ማን ያነብ ነበር? ትላለች አንዷ። መቀለድማ በሰው ሆድ ቀላል ነው፤ አቶ ጋሻነህ ቢያስጠፉትስ? ትላለች ሌላዋ። እኔ ጠርሙሴን አጥብቄ እይዛለሁ። እየሳቅኩ ኩባያዬን ይዤ ቧንቧ ጋ የደረስኩት እኔ ነኝና።

በውሃ ጽሕፈት ቤቱ ገጽ ላይ ድምፅ ስጡ ተብለናል። እናንተ ብትሆኑ ሮቶውን ለማን ትሰጡታላችሁ?

እኔ ስልኩን ይዤ ሳስብ ምድጃው ላይ ያለው ውሃ መንተክተክ ጀመረ። ስልኩን አስቀምጬ ተነሳሁና አወረድኩት።