የጃርት ልጅ ሠርግና ዲጄው በቀቀን

ድሮ ድሮ፣ አውሬው ሁሉ ደግሶ ልጁን በሚድርበት አገር፣ አያ ጃርትና እመት ጃርት ይኖሩ ነበር። ወስፌነሽ የምትባል አንድ ልጅ ነበረቻቸው። የወንዝ ማዶ ጃርት ሽማግሌ ልኮ ጠየቃት፣ እሺ ተባለ። ዳስ ተጣለ፣ ጠላ ተጠመቀ። የቀረው ዘፋኝ ብቻ ነበር።

«እንቁራሪትን እንጥራ፤ ድምጿን እናውቀዋለን» አለች እመት ጃርት።

«ያቺን ጭቃ ለባሽ አማቾቼ ፊት ላቆም?» አለ አያ ጃርት።

ይህን ጊዜ በቀቀን ከዛፍ ላይ አረንጓዴ ክንፉን ዘርግቶ፣ «እኔን ቅጠረኝ! ዲጄ ነኝ» አለው።

«ዲጄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የሌላውን ዘፈን እንዳለ የሚያሰማ ነዋ! የማላውቀው ዘፈን የለም፣ የሰማሁት አይጠፋኝም!»

«እስቲ አንድ አሰማን» አለች እመት ጃርት።

«ለሠርጉ ቀን ይቆይ፣ እንዳይበርድ።»

አያ ጃርት ላባውን አየ፣ ጅራቱን አየ። «አማቾቼ አፋቸውን ይዘው ይቀራሉ!» ብሎ ቀጠረው።

በቀቀን በየሠርጉ ዛፍ ላይ ሆኖ ማዳመጡስ እውነት ነበር። ግን በር መዝጊያው ዘፈን አልቆ መግቢያው ሳይነሳ፣ እሱ ጓሮ የተሰጣውን ማሽላ ሊለቅም ይበር ነበር። ስለዚህ የሚያውቀው ያንኑ በር መዝጊያውን ዘፈን ብቻ ነው።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። በዚያ አገር ሙሽራ ሲመጣ የሙሽሪት ወገን በሩን ይዞ በዘፈን ይከለክለዋል፤ የመግቢያው ዘፈን ሲነሳ ይለቅለታል። የመግቢያው ዘፈን ካልተነሳ በር አይከፈትም።

በቀቀን አጥሩ ላይ ቆሞ ጀመረ፦

«አትገቡም አትገቡም፣ ቁልፉ ጠፍቷል!»

የሙሽሪት ሚዜዎች በሩን ያዙ። እልልታው ቀለጠ።

«በል አሁን አስገባቸው» አለ አያ ጃርት።

«የማላውቀው ዘፈን የለም፣ የሰማሁት አይጠፋኝም!» አለ በቀቀን። ከዚያም፣ «አትገቡም አትገቡም፣ ቁልፉ ጠፍቷል!»

ሚዜዎቹ በሩን አጠበቁ።

«ሌላ!» አለ አያ ጃርት።

«አትገቡም አትገቡም…»

ፀሐይ አዘቀዘቀች። የሙሽራው አያት እሾሃቸውን አቁመው፣ «ንቃችሁን ነው? ፀሐይ ጋራውን ሳትነካ ካልገባን ልጃችንን ይዘን እንመለሳለን!» አሉ።

ሙሽሪት በሠርጓ ቀን አትናገርም። ወስፌነሽ ግን አንድ እሾኋን መዘዘችና እናቷን ጠቅ አደረገቻት፤ በአገጯም ወደ ወንዙ አሳየቻት።

እመት ጃርት በጓሮ ሾልካ እንቁራሪት ወዳለችበት ወንዝ ሮጠች።

«እንቁራሪት፣ እህቴ፣ ድረሽልኝ!»

«ጭቃ ለባሽ ያለኝ ባልሽ አይደለም?»

«ነው። አሁን ላቡ ጠብ ጠብ ይላል።»

«ላቡንማ ልየው! እሾህሽን አስተኚልኝና ጀርባሽ ላይ ልውጣ» አለች እንቁራሪት እየሳቀች።

ፀሐይ ጋራውን ልትነካ ስትል፣ እንቁራሪት ከነጭቃዋ በሩ ላይ ቆማ ጉሮሮዋን ነፋች፦

«ግቡ ግቡ፣ ዳሱ ሰፊ ነው፣ ወጡም በስሏል!»

በሩ ተበረገደ። ሙሽራው ገባ። የተቆጡት አያት ከሁሉ ቀድመው እስክስታ ወረዱ። አያ ጃርትም እንቁራሪትን ከአማቾቹ መሃል አስቀመጣት፤ ጭቃዋ ነጠላውን ቢነካውም በእጁ ጠላ ቀዳላት።

ይህን ጊዜ በቀቀን የወጥ ሽታ ጠርቶት ወደ ዳሱ መጣ። ሚዜዎቹ ተጠቃቀሱና በሩን ያዙ።

«ምነው? እኔ እኮ ዲጄው ነኝ!»

ሚዜዎቹም ዘፈኑን እንዳለ መለሱለት፦ «አትገቡም አትገቡም፣ ቁልፉ ጠፍቷል!»

በቀቀን ክንፉን አጥፎ ደጅ ቆመ። ማሽላው ጓሮ ተሰጥቷል፣ እሱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰማ። ሲመሽ በቀስታ፣ «ግቡ ግቡ፣ ዳሱ ሰፊ ነው» አለ። እንቁራሪት ሳቀች። «አሁን ሁለት አወቀ፤ አስገቡት» አለች።

እኔም ተረቴን በሩ ላይ አድርሻለሁ፤ የሰማ ይግባበት።

ላባ አይቶ ዘፋኝ የቀጠረ፣ ሙሽራውን ደጅ ሊያሳድር ነበረ።