ክቡርነታቸው ትምህርት ቤት የመጡ ዕለት

መቼም ባለሥልጣን ይመጣል ሲባል የማይሆን ነገር የለም። የትምህርት ቢሮ ኃላፊው ሊጎበኙ ነው ተብሎ ትምህርት ቤቱ ሲታመስ ሰነበተ። ተቆልፎ የኖረው ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ደርቆ የከረመው ቧንቧ ውሃ አመጣ፤ መሬት ላይ ተቀምጠው ለሚማሩት ለአራተኛ ክፍሎች እንኳ ዴስክ ገባላቸው። ርዕሰ መምህሩ አቶ ገረመው፣ «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ ካሏችሁ ሐኪም ወይም ፓይለት በሉ። ከዚያ ውጪ የተናገረ ነገ ወላጁን ይዞ ይመጣል» ብለው አስጠነቀቁ።

ኃላፊው ከነአጃቢዎቻቸው አራተኛ ክፍል ገቡ። ስለ ራሳቸው ብዙ ካወሩ በኋላ ፊት ለፊት የተቀመጠችውን ልጅ፣ «አንቺ፣ ስታድጊ ምን መሆን ነው የምትፈልጊው?» አሏት።

ልጅቷ ብድግ አለች።

«እንግዳ።»

አቶ ገረመውን ላብ አጠመቃቸው።

«እንግዳ መሆን ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?» አሉ ኃላፊው እየሳቁ። «ይልቅ እንደ እኔ ትልቅ ሰው መሆን አትመኚም?»

«እንደ እርስዎ ማለቴ እኮ ነው ጋሼ» አለች ልጅቷ። «ዴስክ የገባልን፣ ውሃ የመጣው፣ ቤተ መጻሕፍቱም የተከፈተው እርስዎ ይመጣሉ ተብሎ ነው። እኔ እንግዳ ከሆንኩ ግን በየቀኑ ነው የምመጣው።»