ሰላምታው ያልተመለሰበት ሌሊት

በአዛኙ ጌታ በአላህ ስም።

ከአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር አንዲት የድሮ ከተማ ነበረች አሉ። ስሟን የነገሩኝም አላወቁት፣ እኔም አልጠየቅኩም። መስጊዷ ለውኃው በጣም ከመቅረቡ የተነሳ ክረምት ላይ ሞገዱ ደረጃውን ያርሰው ነበር። የከተማዋ ሰው የሚኖረው አምባዛ የሚባለውን ባለጢም ዓሣ እያጠመደ ነው። አምባዛ ደግሞ ቀን ጭቃው ውስጥ ተኝቶ ይውላል፣ የሚወጣው ሲመሽ ነው። ስለዚህ ወንዶቹ የማታውን ሶላት ዒሻን ይሰግዱና ታንኳቸውን ይገፋሉ፣ ለንጋቱ ሶላት ለሱብሒ ይመለሳሉ። ሴቶቹ ጆሯቸውን ወደ ውኃው አድርገው ይተኛሉ፤ እሱ መተኛት ከተባለ።

በዚያች ከተማ ሸህ ጦይብ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፣ አላህ ይዘንላቸው። ቀን ልጆችን ቁርኣን ያስቀራሉ፣ ማታ እንደማንም ያጠምዳሉ። ለማስቀራታቸው ከማንም ምንም አይቀበሉም። «የቁርኣኑን ከአላህ፣ የእንጀራዬን ከሐይቁ» ይሉ ነበር።

አጥማጆቹ አንድ ደንብ ነበራቸው። ሐይቁ ላይ በጨለማ ማን የት እንዳለ አይታይም። ስለዚህ ሸህ ጦይብ ከመሃል ሆነው ቆየት እያሉ «አሰላሙ ዐለይኩም!» ብለው ይጣራሉ። እያንዳንዱም ካለበት «ወዐለይኩሙ ሰላም!» ይላል። ሰላምታን መመለስ ድሮም ግዴታ ነው፤ እዚያ ግን የነፍስ ጉዳይ ነው። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰ ካለ ታንኳው ተገልብጧል ማለት ነው። ሁሉም ያለውን ጥሎ ይፈልገዋል። እየሰማ ዝም ያለ ሰው ከተገኘ ደግሞ ዳግመኛ ታንኳ አይገፋም፤ ከሐይቁ ይወጣል። ሚስቶቹም ከቤት ሆነው የየባላቸውን ድምፅ ይለያሉ። እሱን ሲሰሙ ነው ጎናቸውን የሚያሳርፉት።

ሙሄ የሚባል አንድ ወጣት አጥማጅ ነበር። ሚስቱ ዘሃራ ትባላለች፤ ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ አለቻቸው። ሙሄ ሰነፍ አልነበረም። ግን ዐይኑ ከራሱ ቅርጫት ይልቅ የሸህ ጦይብ ቅርጫት ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት የሳቸው አምባዛ ሲወርድ ቆሞ ያያል፣ አንጀቱ ያርራል። አንሷር የሚባለው ቀልደኛ ባልደረባው ደግሞ አይተወውም።

«ሙሄ፣ ያንተዎቹ እኮ ገና ጢም አላበቀሉም! የሸህን እያቸው፣ እንደ ባለቤታቸው ጢማቸው ደረት ይደርሳል!»

ሰዉ ይስቃል። ሸህም ይስቃሉ። ሙሄ ግን ሳቁን ይዞት ቤቱ ይገባል፣ ሲያድር ይመርበታል።

ሸህ ጦይብ አንድ ነገር አላቸው ብሎ አመነ። ወይ ክታብ ነው፣ ወይ መንጠቆው ላይ የሚሰኩት የተለየ ነገር ነው። አንድ ቀን እሳቸው የከሰዓቱን ሶላት ዐስርን ሲሰግዱ ሄዶ ታንኳቸውን ከሥር መዳበስ ጀመረ። ሰግደው ሲወጡ ደረሱበት።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?»

«ኧረ ምንም። ታንኳዎ ውኃ ያስገባ እንደሆነ ብዬ ነው፣ ሸህ።»

«አላህ ይስጥህ! ያስገባል እንጂ! ብቻዬን መች እችለዋለሁ? በል ያዝ በዚያ በኩል።»

ምን ያድርግ፣ እስኪመሽ ድረስ የሸህን ታንኳ ሲደፍን ዋለ። ክታብም አላገኘ። ቅናቱ ግን ባሰ። ሐሰድ የሚሉት ቅናት እንዲህ ነው፣ የሚፈልገውን ሲያጣ እንኳን አይጠግብም።

ቤት ሲገባ ድስት ውስጥ አምባዛ ይንተከተካል።

«ከየት መጣ?»

«የሸህ ባለቤት ላኩልን» አለች ዘሃራ።

«ለምነሽ ነው?»

«እንዴ! ጎረቤት ላከ እንጂ ማን ለመነ?»

«ሲተርፋቸው ነዋ የሚልኩት!» ድስቱን አወጣና ለውሻ ደፋው። ዘሃራ ባዶውን ድስት አነሳች። ልጇን ታጠባለች፣ ጠዋት የበላችው ቆሎ ብቻ ነው። እሱ ይህንን አላየም፣ ዐይኑ ሌላ ቤት ነበርና።

ከዚያ ዝናቡ ጣለ። የክረምቱ የመጀመሪያ ጎርፍ ወንዞቹን አደፍርሶ ወደ ሐይቁ ሲገባ አምባዛው ወደ ዳር ይወጣል። አጥማጆቹ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ያንን ሌሊት ነው። ሁሉም ወጡ። ሙሄ ግን ወደ ራሱ ቦታ አልሄደም። መቅዘፊያውን ድምፅ ሳያሰማ ሸህ ጦይብን ተከተለ። ውኃው ዳር የበቀለው ደንገል ውስጥ ገብቶ ተሸሸገ። የሳቸው ገመድ፣ መንጠቆው የተደረደረበት፣ በነጭ ቅሎች ተንሳፍፎ ከፊቱ ነው። ምን እንደሚሰኩ ዛሬ በፋኖሳቸው ብርሃን አያለሁ አለ።

የሰኩት የበሬ ሳንባ ነበር። እሱም የሚሰካው የበሬ ሳንባ ነው።

ብዙም አልቆየ፣ ቅሎቹ መስመጥና መውጣት ጀመሩ። ገመዱ ከዳር እስከ ዳር ይንቀጠቀጣል። ሸህ ጦይብ የመጀመሪያውን ስበው አወጡ፤ የሕፃን ልጅ ያህላል። ሙሄ ጥርሱን ነከሰ። እሳቸው ሁለተኛውን ከመሳባቸው በፊት እንደ ደንቡ ተጣሩ።

«አሰላሙ ዐለይኩም!»

ከዚህም ከዚያም መለሱ። አንሷር መለሰ፣ ሌሎቹም መለሱ። ሙሄ ዝም አለ። ቢመልስ ከገመዳቸው ሥር እንደተሸሸገ ይታወቅበታል።

«ሙሄ! አሰላሙ ዐለይኩም!»

ዝም። ተኝቷል ይበሉኝ አለ በልቡ።

«ሙሄ! ልጄ! አሰላሙ ዐለይኩም!»

ይሄኔ ከዳር የሴት ጩኸት ተሰማ። ዘሃራ ናት። ባሏን ጠብቃ ድምፁን አጣችው። ልጇን አዝላ ወጣች፣ ውኃው ውስጥ ገባች፣ «ሙሄ! ሙሄ!» ትላለች።

ሸህ ጦይብ ገመዱን ያዙ። ዓሣ የሞላበት ገመድ ስቦ ለመጨረስ ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜ አልነበረም። ቢላዋቸውን አወጡ፣ ቢስሚላህ አሉና ቆረጡት። ቅሎቹ፣ መንጠቆዎቹ፣ ያ ሁሉ አምባዛ፣ ተያይዞ ወደ ጨለማው ሄደ። ሙሄ ከደንገሉ ውስጥ ሆኖ አየ። ሲቀናበት የኖረው ነገር ለሱ ሲባል ሲጣል አየ። አሁን ሊመልስ አፉን ከፈተ፣ ድምፁ እምቢ አለ። ቀድሞ ቅናት ነበር ያፈነው፣ አሁን ደግሞ እፍረት።

ሸህ ፋኖሳቸውን ይዘው ደንገሉን ገለጥ ገለጥ እያደረጉ መጡ። አገኙት። ታንኳው ደረቅ ነው፣ ልብሱ ደረቅ ነው። ቦታውንም አዩ፤ ገመዳቸው ከነበረበት አንድ ክንድ እንኳን አይርቅም። ሁሉንም ገባቸው።

ቀስ ብለው «ደህና ነህ?» አሉት።

«ደህና ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ።» ፋኖሱን ከፊቱ ላይ አነሱለትና ወደ ሐይቁ ጮኹ። «ተገኝቷል! ዘሃራ፣ ልጄ፣ ደህና ነው! ከውኃው ውጪ!»

ዳር ሲደርሱ ሰዉ ሁሉ ተሰብስቧል። ሁሉም የዓመቱን ሌሊት ጥሎ ነው የመጣው። አንሷር ዛሬ አልቀለደም።

«ሸህ፣ የት አገኙት? ለምንድን ነው ያልመለሰው?»

«በሕይወት ነው ያገኘሁት።»

«እሱማ እያየነው ነው። ሰምቶ ነው ወይስ ሳይሰማ? ደንቡን ያውቁታል።»

ሸህ ጦይብ ውሸት ተናግረው አያውቁም። የሰው ነውርም ገልጠው አያውቁም። «የወጣነው ሰው ፍለጋ ነው» አሉ። «ሰው አገኘን። ከዚህ ሌላ እኔን አትጠይቁኝ።»

ሙሄ ዘሃራን አያት። እስከ ወገቧ ረጥባለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ታለቅሳለች። እስካሁን ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ጣቶቹን ብቻ ይዛ አንድ በአንድ ትዳብሳለች፣ ሁሉም መኖራቸውን እንደምታይ።

«ሰምቼ ነበር» አለ ሙሄ። «ሦስቱንም ሰምቻለሁ። ገመዳቸው ሥር ተሸሽጌ ነው። ቀንቼ ነው።»

የዘሃራ እጅ ቆመ። አንሷር «በቃ፣ በደንቡ ከሐይቁ ይወጣል» አለ።

ሸህ ጦይብ ግን «ዛሬ ከማንም በላይ የጠፋብኝ እኔ ነኝ፤ ፍርዱን ለኔ ተዉልኝ» አሉ። ተዉላቸው። «ሙሄ፣ ከነገ ጀምሮ ሰላምታውን የምትጣራው አንተ ነህ።»

«እሱ? ሸህ፣ ይሄ ቅጣት ነው ወይስ ሹመት?» አለ አንሷር።

«ነገ እሱ ራሱ ይነግርሃል።»

በማግስቱ ሙሄ መሃል ላይ ቆመ። ሸህ በአንሷር ትርፍ ገመድ ራቅ ብለው ያጠምዳሉ። «አሰላሙ ዐለይኩም!» አለ፣ ድምፁ ቀጠነበት። አንሷር መለሰ። ሌሎቹም አንድ በአንድ መለሱ። የሸህ ጦይብ ድምፅ ግን የለም።

ሁለተኛ ተጣራ። የለም።

ያን ጊዜ ሙሄ መጠበቅ ምን እንደሆነ አወቀ። ታንኳቸው ያረጀ ነው፤ በራሱ እጅ የደፈነው ቀዳዳ ተከፍቶ ይሆን? በሐሰድ ነው የደፈንኩት፣ በደንብ አልደፈንኩት ይሆናል አለ። መቅዘፊያውን አነሳ። ሦስተኛውን ጮኸ፣ ልቅሶ የተቀላቀለበት ጩኸት።

«ወዐለይኩሙ ሰላም!» አሉ ሸህ ከሩቅ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው። «ይቅር በለኝ ልጄ! አንድ ትልቅ ይዞኝ እየተጓተትን ነው! ጢሙ ከኔ ይበልጣል!»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ሙሄ። ለሰው ዓሣ አልሐምዱሊላህ ሲል በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው።

ጠዋት እጃቸውን ስሞ «ሸህ፣ ቅናቱ የት ሄደ?» አላቸው።

«ሐይቁ ለሁላችንም ይበቃል፣ የጠበበው ሆዳችን ነው» አሉት። «ሆድ የሚሰፋው ደግሞ ለሰው ሲሰጉለት ነው።»

እኔ ይህቺን ቃል ይዣታለሁ። ስጋት በሽታ ነው ይላሉ። ለራስ ብቻ ሲሆን አዎ በሽታ ነው። ለሌላ ሰው ሲሆን ግን መድኃኒት አለበት። ጎረቤቴ ልጅ አላት፣ ከኔ ልጅ ወፈር ያለ፣ ቀድሞት በእግሩ የሄደ። ሌሊት ሲስል በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ሳሉ ድንገት ሲያቆም ተነስቼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደርጋለሁ። መልሶ እስኪስል፣ ወይም እናቱ እሹሩሩ ስትለው እስክሰማ። ያን ሰዓት ውፍረቱ ትዝ አይለኝም። እንዲተነፍስ ብቻ ነው የምፈልገው።

አላህ ሆዳችንን ያስፋልን። በጨለማ ለሚጠራን ሁሉ የምንመልስ ያድርገን። አሚን።