ፊቱ ላይ ያልነበረው ጥላ

ጠቅ። ጠቅ። ደግሞ ጠቅ።

ከመጋረጃው ወዲያ የሚሰማው ይኸው ብቻ ነው። የሰው ድምፅ የለም። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ ይቆይና ጋብ ሲል ያ ድምፅ ይመለሳል። ጠቅ፣ ጠቅ። አንድ ሰው የተዘጋ በር በጥፍሩ የሚያንኳኳ ይመስላል።

መጋረጃውን ልግለጥላችሁና አብረን እንይ።

አንድ ሰው ተቀምጧል። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት የሠርግ ካርድ፣ የማኅበር ባነር፣ የሟች ፎቶ እየሠራ የሚኖር ሰው ነው። ቢያድግልኝ ይባላል። ድምፁ የማውሱ ነው። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ተተክሏል። ስክሪኑ ላይ የአንድ ወጣት ፊት አለ። ወጣቱ ከሞተ ሠላሳ አምስት ቀኑ ነው።

ይህ ፊት እዚህ ምን ይሠራል ትሉኝ ይሆናል።

እማማ ትሁኔ የሚባሉ እናት አሉ። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ይበልጣል። የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ከነስልኩ ከነመታወቂያው መንገድ ላይ ሞቶ ቀረ። በአገሩ ወግ በቀብር ቀን አልቃሾቹ የሟቹን ልብስና ፎቶ ከፍ አድርገው ይይዛሉ። የይበልጣል ግን ኮቱ ብቻ ነው የተያዘው። ቤት የነበረችው አንዲት ፎቶ ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶባት፣ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቃ ተልጣ ነበር።

ባዶ ኮት ይዞ ማልቀስን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እጅጌው ይወዛወዛል። ውስጡ ሰው የለም።

በኋላ እማማ ትሁኔን አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ልጃቸው ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ለመታወቂያ የተነሣው ቢያድግልኝ ዘንድ ነው። መጡ።

«ልጄ፣ ያንተ ሣጥን አይረሳም ይሉኛል» አሉ፣ ኮምፒውተሩን በአገጫቸው እያመለከቱ። «የይበልጣልን ፊት ይዞልኝ ይሆን?»

ፈለገ። ብዙ ፈለገ። «አለ፣ እማማ!»

እማማ ትሁኔ ግድግዳውን ያዙ። እልልም አላሉ፣ አላለቀሱም። «ለአርባው አድርስልኝ» አሉ። «እሑድ ነው። ትልቅ አድርገህ። ሁለተኛ ኮት ይዤ አልቆምም።»

ወገኖቼ፣ እንግዲህ ልብ በሉ። በዚህ ዓለም ላይ የዚያ ልጅ ፊት የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። አንድ ቅጂ። እሱም በቢያድግልኝ እጅ ነው።

ቢያድግልኝ ኮምፒውተሩን የለወጠው በዚያው ወር ነበር። አሮጌው ኮምፒውተር፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ተቃጠለና ዕቃው ወደ አዲሱ ተገልብጦ፣ ቀፎው ለቁራሌው ተሰጠ። ማሽኑ አዲስ ነው። ፎቶ የሚያጸዳበት ፕሮግራም ግን የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት የለመደው፣ እጁ በጨለማ የሚያውቀው ነው። አሮጌ ፕሮግራም በአዲስ ማሽን ላይ ተቀመጠ። አልተስማሙም። የፕሮግራሙ የትእዛዞች ጽሑፍ እንደ ጤፍ ደቀቀ። ፎቶውን ቀረብ አድርጎ ሲያየው ደግሞ በልጁ ጉንጭ ላይ ግራጫ መስመር ይጋደማል፤ ግንባሩ ላይ እንደ ጭስ ያለ ጥላ ያርፋል።

ቢያድግልኝ ምን አደረገ? ስክሪኑን በጨርቅ ወለወለ። ጥላው አለ። ገመዱን ነቅሎ ሰካ። አለ። አጥፍቶ አበራ። አሁንም አለ። «ሲገለበጥ ተበላሽቷል» አለና የፕሮግራሙን ማጥፊያ ብሩሽ አነሣ።

ስማቸው የሚባል ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛ አለው። ደወለለት።

«ቢያድጌ፣ ፎቶውን አትንካው» አለው ስማቸው። «መጀመሪያ ወደ ስልክህ ላከውና እየው። ስልክህ ላይ ጥላው ከሌለ ፎቶው ጤነኛ ነው፤ የታመመው ማሳያህ ነው።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ፊት ሳጸዳ ኖሬ፣ ፊትና ቆሻሻ መለየት አንተ ልታስተምረኝ?»

«እሺ ጌታዬ፣ ሐኪሙ አንተ ነህ። በሽተኛው እንዳይሞትብህ ብቻ።»

«ሞቷል እኮ!» አለና ስልኩን ዘጋው። ሳቀም። ከዚያ በሳቁ አፈረና ወደ ሥራው ዞረ።

ስልኩ ወዴት ገባ? ወደ ኪሱ። ከእጁ እስከ ኪሱ አንድ ስንዝር ናት። ፎቶውን በስልኩ ለማየት ያቺን ስንዝር አልሄደም።

አራት ቀን ሠራ። ወገኖቼ፣ ሰነፍ ነበር እንዳትሉብኝ። ምሳውን እየተወ ሠራ። የሠርግ ካርድ ሊያሠሩ የመጡትን «ቆዩኝ፣ የሟች ሥራ ይዣለሁ» እያለ ሠራ። በጉንጩ ያለውን መስመር ሲያጠፋው ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ በአገጩ በኩል ይወጣል። የአገጩን ሲያጠፋ በአፍንጫው ጥግ ይመጣል። አንድ ጊዜ እንኳ «ይኼ ነገር ለምን ይሸሻል? እውነተኛ እድፍ ቦታውን ይለቃል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። ያጠፋዋል። ያስቀምጠዋል። አሮጌው ፕሮግራም መሐል መሐል ላይ ደርቆ ስለሚዘጋበት፣ ድካሙ እንዳይጠፋ ከሥር ከሥሩ በዚያው በፎቶው ላይ ያስቀምጠዋል። ወደ ኋላ መመለሻውን በገዛ እጁ ዘጋው።

ቅዳሜ ጠዋት ስማቸው ለሌላ ጉዳይ ሲያልፍ ብቅ አለ። ዝናቡ በልብሱ ይንጠባጠባል። ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ፤ ማውሱን ተቀበለና የፕሮግራሙን ማስተካከያ ከፍቶ አንዲት ምልክት አጠፋ። በአዲሱ ማሽን ጉልበት ሥዕል ሣል የምትል ዓይነት ናት። ዘግቶ ከፈተው።

ጥላው የለም። መስመሩ የለም። የትእዛዞቹ ጽሑፍ ብቻ እንደደቀቀ ነው።

«አየህ?» አለ ስማቸው። «የማሳያው ነበር። በል ዋናውን አምጣው።»

ቢያድግልኝ ጨርቁን አንሥቶ ስክሪኑን ወለወለ።

«ዋናውን ነው የምልህ። ያልነካኸውን።»

«በላዩ ላይ ነው ያስቀመጥኩት።»

ሁለቱም የልጁን ፊት አዩት። የጠራ ፊት ነው። እንደተላጠ እንቁላል የለሰለሰ። አንዲት ጉድፍ የለችበትም።

«ያው አማረ እንጂ ምን ጎደለ?» አለ ቢያድግልኝ፣ ቀስ ብሎ።

«ምን እንደጎደለ እኔም አላውቅ፣ አንተም አታውቅ» አለ ስማቸው። «እናቱ ናቸው የሚያውቁት።»

እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁመው። እናቲቱ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ፤ ከመምጣታቸው በፊት ስለ እኛ እንነጋገር።

ያን ቀን ቢያድግልኝ ያላወቀውን ልንገራችሁ። ይበልጣል ሁለት ዓመቱ ሳለ ከእናቱ ጀርባ ወድቆ ነበር። አንቀልባው ተፈቶባቸው። ከግራ ዓይኑ ሥር የምስር ክክ የምታህል ጠባሳ ቀረችበት። እማማ ትሁኔ ልጃቸውን ሲስሙ፣ ጎረምሳ ሆኖ እንኳ፣ የሚስሙት እሷን ነበር። በልባቸው ይቅርታ የሚጠይቁባት ቦታ ናት። ቢያድግልኝ ከጥላዎቹ እንደ አንዷ ቆጠራትና ጠረጋት። በስንተኛው ቀን እንደጠረጋት እሱም አያስታውስም።

እናንተ የማንን ፊት ስትጠርጉ ነው የከረማችሁት?

አንተ፣ ከወንድምህ ጋር የተኳረፍከው፣ በሰላምታው ውስጥ ንቀት አየሁበት ያልከው፤ እውነት በሰላምታው ውስጥ ነበር? ወይስ በአንተ ዓይን ላይ? አንቺስ፣ ምራትሽ ቤቱን ስትጠርግ አጠራረጓ ያልጣመሽ፣ ስትስቅ አሳሳቋ፣ ዝም ስትል ዝምታዋ? አንዱን ጥፋት ስታርሚላት ሌላው በሌላ በኩል አልወጣብሽም? እውነተኛ ጥፋት እንዲህ ይሸሻል ወይ?

እኛ አሮጌዎች ነን፣ ወገኖቼ። በለመድነው መንገድ እናያለን። ልጆቻችን በሌላ ዘመን ይቆማሉ፤ እኛ በዚያው በጥንቱ ዓይናችን እያየናቸው ጥላ እናገኝባቸዋለን። ከዚያም እንጀምራለን። ይኼን ተው፣ ያንን ቁረጥ፣ እንዲህ ሁን። በክፋት አይደለም። ምሳችንን ትተን ነው የምናርማቸው! ሲለሰልሱልን «አማሩ» እንላለን። ልጁ ግን ከፊቱ ወጥቶ ሄዷል።

እኔስ? እኔም አለሁበት። አባቴን በልቤ ስንት ጊዜ እንዳረምኩት፣ የሠራሁት አባት ከእውነተኛው ጋር ምን ያህል እንደማይመሳሰል ያወቅሁት ልጠይቀው በማልችልበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ ብሩሹን ከማንሳታችሁ በፊት ያንን ሰው በሌላ ዓይን እዩት። እሱን የምትወደውን፣ እናቱን ወይ ሚስቱን፣ ጠይቁ። «አንቺ እንዴት ታይዋለሽ?» በሉ። ምናልባት እሷ ዘንድ ጥላ የለበትም። ምናልባት አንተ እድፍ ያልካትን ቦታ እሷ እየሳመቻት ነው። መጠየቅ አንድ ስንዝር ነው። አንድ ስንዝር! ሳንጠይቅ ግን እናርማለን፣ ያረምነውን በእውነተኛው ላይ እናስቀምጣለን፤ ከዚያ ወዲያ ስማቸውም ቢመጣ ዋናውን አያገኝልንም።

ሁሉም ነገር ይመለሳል ብዬ ባጽናናችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ንስሐ የሚገባን ይቅር የሚል አምላክ አለ፤ እሱን አልጠራጠርም። የተጠረገው ፊት ግን በዚህ ምድር ላይ አልተመለሰም። አይቼው ነው የምነግራችሁ።

በሉ ታሪኩን ልጨርስ።

እማማ ትሁኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጡ። ለነገው አርባ የታጠበ ነጠላ ለብሰዋል። ጎረቤታቸው አብራቸው ናት፤ በር ላይ ቀረች። ቢያድግልኝ ትልቁን ፎቶ ከወረቀቱ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመላቸው።

እማማ አዩት። ዝናቡ እስኪያባራ አዩት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን አነሡና ከልጁ ግራ ዓይን ሥር አሳረፉት። አቧራ እንደሚጠርግ ሰው ቀስ ብለው አሹት። አዩት። ደግመው አሹት።

«ሌላ አለ?» አሉ።

«የለም፣ እማማ። ይኸው ነው።»

ጣታቸው እዚያው ቆየ።

«ምን ጎደለ፣ እማማ? ይንገሩኝ፤ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ። ቀለሙ ነው?»

እማማ እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ሥር መለሱ። ቢያድግልኝ ፎቶውን በወረቀቱ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። እጃቸው ከነጠላው ሥር አልወጣም።

«እማማ? ነገ እኮ ነው አርባው... እማማ?»

እማማ ትሁኔ ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ፤ በመጋረጃው በኩል ወጡ።