ላስቲክ የለበሰው ጠረጴዛ

አንድ የዋንዛ ጠረጴዛ ነበር። ባለቤቱ ጎጆ ሲወጡ ያሠሩት፣ ልጆቻቸው ሁሉ እየተሻሙ የበሉበት። ጳጉሜ በገባች ቁጥር አባት የተልባ ዘይትና ሰም አብረው ያቀልጡና ለየልጁ ቁራጭ ጨርቅ ይሰጣሉ። «እሹት! ገርጥቶ አዲስ ዓመት አይግባ» ይላሉ። ልጆቹ እያሹ ይጣላሉ፣ እየተጣሉ ይስቃሉ፤ ቤቱ ሰም ሰም ይሸታል። አንድ ጊዜ ትንሹ መኩሪያ የጋለ ድስት አስቀምጦበት ጥቁር ክብ ጥሎበት ቀረ። ሁሉም አባትየው ይቆጣሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ግን «በቃ፣ ይህ የመኩሪያ ማኅተም ነው» ብለው ሳቁ። ወይ ጊዜ!

አባት ሲሞቱ ጠረጴዛው ለታላቂቱ ልጅ ለአስካለ ደረሳት። ታናናሾቿ ትዳር ይዘው በየፊናቸው ቢሄዱም እንቁጣጣሽን የሚውሉት እሷ ቤት፣ በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር። አስካለ ባልም ልጅም የላትም፤ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ያቺን ቀን ነው። ጠረጴዛው ግን የሚያሸው አጥቶ ገረጣ። «የአባቴ ዕቃ በእኔ እጅማ አይጠፋም» ብላ አናጢ አስጠራች።

«እትዬ፣ ሁለት ምርጫ አለዎት» አላት አናጢው። «ዘይትና ሰም ለመቀባት ቀላል ነው፤ ማንም በጨርቅ ያሸዋል። ግን በየዓመቱ መታሸት ይፈልጋል። ቫርኒሽ ጠንካራ ነው፣ ያብረቀርቃል። እሱ ደግሞ አንዴ ከተላጠ ሁሉንም ፍቆ እንደገና መጀመር ነው።»

«በየዓመቱ ማን ሊያሸው? የሚቆየውን ቅባልኝ» አለች።

እውነትም ጠረጴዛው እንደ መስታወት አበራ። አስካለም ሳሳችለት። ላስቲክ አለበሰችው፤ በላስቲኩ ላይ ዳንቴል፣ በዳንቴሉ ላይ የአበባ ማስቀመጫ። በእንቁጣጣሽ ዕለት መኩሪያ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጎ ትኩስ ድስት ሊያሳርፍ ሲል «አበስኩ ገበርኩ! አንሳ! አንሳው!» ብላ ጮኸች። ልጆቹ ፊት የተጮኸበት መኩሪያ ድስቱን እንደያዘ ቀረ። ሁሉም ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በላ። በዓመቱ ጎራ ብለው ቶሎ ሄዱ። በሦስተኛው ዓመት «እትዬ፣ ሥራ በዛብን» ብለው በስልክ እንኳን አደረሰሽ አሏት።

ያን ቀን ዶሮ ወጡን ሠርታ ብቻዋን ተቀመጠች። እልህ ያዛት። «ለማን ብዬ ነው የማስቀምጥህ?» ብላ ላስቲኩን ብትገፈው፣ ቫርኒሹ ከላስቲኩ ጋር ተጣብቆ ኖሮ እየተላጠ አብሮ መጣ። ስንት ድስት የከለከለችለት ጠረጴዛ! ወጡም እንባዋም እፊቷ ቀዘቀዙ።

አናጢው ተመልሶ መጣ። «ልፋቀውና ደህና ቫርኒሽ ልድገምበት?» ቢላት፣ «ፋቀው ብቻ። ዘይትና ሰሙን እኛው እንቀባዋለን» አለችው።

«ቶሎ ይደበዝዛል፣ እትዬ።»

«ይደብዝዛ! ሲደበዝዝ ይመጡልኝ የለ?»

ጳጉሜ ስትገባ ለእያንዳንዳቸው ደወለች። «የአባባ ጠረጴዛ ሊታሽ ነው፤ አሮጌ ጨርቅ ይዛችሁ ኑ። ልጆቹንም አምጡ፣ በሞቴ!» መጡ። ሰሙ ሲቀልጥ ሽታው ቤቱን ሞላው። ከዚያ ልጆቹ በጨርቅ መጣላት ጀመሩ። ጥቁሩ ክብ በቫርኒሹም በመፋቁም ሳይጠፋ እዚያው ነበረ፤ አስካለ እሱን ስታሽ እጇ ቆየ።

በእንቁጣጣሽ መኩሪያ የሚንተከተክ ድስት ይዞ ከማድ ቤት ወጣና ጠረጴዛው አጠገብ ሲደርስ ቆመ። የእህቱን ፊት አየ።

«ምን ይገትርሃል? ማኅተምህ ላይ አስቀምጠው እንጂ!» አለችው አስካለ።

ወዳጆቼ፣ የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው። እኛ ግን ዕቃን ከሰው እጅ ስናድን ሰውን ከቤታችን እናርቃለን። የሚበረክት ማለት ጭራሽ የማይነካ ነገር አይደለም፤ ቢጎዳ ተሰብስበን በቀላሉ የምናድሰው ነው። ፍቅርም እንደዚያው ነው፤ በየዓመቱ እጅ ይፈልጋል። እስቲ እርስዎስ፣ በላስቲክ የሸፈኑት ምንዎን ነው? ከእነማንስ ነው የሸፈኑት?