በሸማኔው ሆድ ውስጥ ያሉ ዝምተኞች

ወገኖቼ፣ ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ ይህ ማይክራፎን እጄ ላይ ይቅለጥ። አያችሁ? አልቀለጠም።

አንድ ሸማኔ ነበር፣ ከጫሞ ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ሰፈር። ጋሽ ማዳልቾ ይሉታል። ሻይ ሲጠጣ ከስኳሩ ብዛት ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ተገትሮ ይቀራል። ንብ እንኳ አበባውን ትታ በእሱ ጢም ላይ ታርፍ ነበር።

ስኳር በሽታ ያዘው። ሐኪሙ ክኒን ሰጠውና እግሩን እያየ፣ "ጋሼ፣ በዚሁ ከቀጠሉ ይህች አውራ ጣት ትቆረጣለች" አለው።

ሸማኔ በእጁ ብቻ የሚሠራ ይመስላችኋል? የሽመናው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ መርገጫውን በእግሩ ጣቶች ይዞ፣ አንዱን ሲረግጥ አንዱን ሲለቅ ነው ጋቢ የሚወጣው። ጣቱ ከሄደች እንጀራው ሄደ።

ልጁ ብርቅነሽ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ሆድ ባክቴሪያ ታጠናለች። ለእረፍት ስትመጣ ነጭ ዱቄት ይዛ መጣች።

"አባዬ፣ ይኼ ካይቶሳን ይባላል።"

"ከምንድን ነው የተሠራው?"

"ከሸርጣን ቅርፊት።"

ጋሽ ማዳልቾ ብድግ አለ። "ሸርጣን! አንቺ፣ በስተርጅና ልታረክሺኝ ነው? ከውኃ ፍጥረት ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም ብዬ አይደል ያሳደግኩሽ?"

"ታዲያ አባዬ፣ ይኼኮ ሁለመናው ቅርፊት ነው!"

ሚስቱ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

"ክንፉስ?" አለ እሱ፣ ላለመሸነፍ።

"እሱን አንተ አብቅልለት።"

እሱም ሳቀ። የሳቀ ሰው ደግሞ አፉን ይከፍታል፤ ዱቄቱን በውኃ በጥብጣ አጠጣችው።

"ለአንተ እንዳይመስልህ" አለችው። "አንተ አትፈጨውም። ሆድህ ውስጥ ላሉት ነው። ጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች ከጠገቡ ስኳሩም ስቡም መስመር ሊይዝ ይችላል። በአይጥ ላይ ታይቷል፤ በሰው ላይ ገና እየተጠና ነው። ክኒንህን ግን እንዳታቋርጥ!"

ከምሳ በኋላ ሊሠራ ተቀምጦ እዚያው መርገጫው ላይ ሸለብ አደረገው። በሕልሙም ወደ ገዛ ሆዱ ወረደ።

ብርሃኑ በስስ ነጠላ ውስጥ እንደሚያልፍ ፀሐይ ነው። ምድሩ እንደ ባዘቶ ጥጥ ይሰምጣል። መሐሉ ላይ የጠገቡ ሰዎች "ስኳር! ስኳር!" እያሉ ይጨፍራሉ። ዳር ላይ ግን፣ የተቀደደው ግድግዳ ሥር፣ የከሱ ሸማኔዎች ተቀምጠዋል። ቀዳዳውን በሽመና ይደፍናሉ፤ ክራቸው አልቋል፤ እጃቸው ግን በባዶው ይመላለሳል።

አንዷ ቀና ብላ፣ "ጋሼ፣ ለእኛ አንድ ቀን እንኳ ጉርሻ አልደረሰንም" አለችው። "ግን ሥራችንን አልተውንም።"

ይህን ጊዜ ከላይ ነጭ ብናኝ፣ እንደሚነደፍ ጥጥ፣ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ሸማኔዎቹ ሁሉ እጃቸውን ዘረጉ። በሉ። ፈተሉ።

ሲነቃ ጉንጩ ርሶ ነበር። ሚስቱ ሻይ ስትቀዳለት፣ "ስኳሩ ይቅር" አለ። ማንኪያው ከእጇ አመለጣት።

ወራት አለፉ። ስኳሩ ወረደ። ጣቱም ዛሬ መርገጫው ላይ ናት። ዱቄቱ ነው? ክኒኑ ነው? የተወው ስኳር ነው? ብርቅነሽ እንኳ "እርግጠኛ አይደለሁም" ብላለች።

እናንተስ ወገኖቼ? በውስጣችሁ ማንን ነው የምታበሉት? የሚጮኸውን አይደለም? ቁጣ ሲጮህ ታጎርሱታላችሁ፤ ምኞት ሲጮህ ታጎርሱታላችሁ። ቀዳዳችሁን ለሚደፍነው ምን ሰጣችሁት? በቤታችሁስ፣ ሳይበላ "ጠግቤያለሁ" ብሎ ከገበታው የሚነሳው ማነው? ማንነቱን ታውቃላችሁ። አሁን ፊቱ መጣባችሁ። ዛሬ ስትገቡ መጀመሪያ እሱን አጉርሱት።

ማይክራፎኑ ሞቅ ሞቅ እያለብኝ ነውና አንዲት ነገር ልናዘዝ። በሕልሙ ውስጥ ያቺ ሴት ለጋሽ ማዳልቾ አንድም ቃል አልተናገረችም። እናንተ እንድትሰሟት ብዬ ያናገርኳት እኔ ነኝ። እሷስ ዝም ብላ ነበር የምትሠራው።