ለንጉሡም አንድ ቃጭል

ተረት ልነግራችሁ ነውና ቀረብ በሉ።

ድሮ ድሮ፣ ንጉሡ አንበሳ ብልሃተኛዋ ጦጣ የሠራችለትን ቃጭል በየእንስሳው አንገት ላይ አንጠለጠለ።

«ከእንግዲህ ማንኛችሁም ብትጠፉ፣ ድምፁን ሰምቼ እደርስላችኋለሁ» አላቸው። እንስሳቱም እፎይ አሉ።

ዓይን አፋሯ ሚዳቋ ግን ለንጉሡ አዘነችለት።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ቢጠፉስ ማን ይደርስልዎታል? ለእርስዎም አንድ ይሠራልዎ» አለችው።

አንበሳ ከት ብሎ ሳቀ። «የዋህ ነሽ እኮ። እኔ ቃጭል አስሬ ምን ልበላ ነው?»

እንስሳቱም አብረውት ሳቁ።

ወደየቤታቸው ሲመለሱ ግን ሚዳቋ በአፏ ሣር ነጨችና የድኩላን ቃጭል ወተፈችለት፤ ድኩላም የእሷን ወተፈላት። ያዩዋቸውም ሁሉ ጎንበስ ጎንበስ አሉ።

በማግስቱ አንበሳ ጆሮውን አቁሞ ቢያዳምጥ፣ አገሩ ሁሉ ጸጥ ብሏል።